ስምንቱ ቢላዎች ከኮሶዬ ተመለሱ

ምግብ ቤት ያላት ወይዘሮ ይመኙሽ ስምንቱን ቢላ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ ከኮሶዬ ድረስ ይዛ መጣችና በቢላ ሠሪው በየሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ጥር ሦስት ቀን ነበር፤ ለጥምቀት ስምንት ቀን ሲቀር። ከማራኪ ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ፊት ሚኒባስ የሚጠብቁ ተማሪዎች ተኮልኩለው ስለነበር፣ ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ የምታደርግበት ምክንያት አልታያትም። እንዲያውም ተመልካች በማግኘቷ ደስ ያላት ትመስል ነበር።

«ምነው አያ የሻው! እኔ ምን በደልሁዎት?» አለች። «ለገና አራት በግ አርደን፣ የአንዱ ቆዳ እንኳ ተገፍፎ ሳያልቅ ቢላው ደነዘ። ስለነው ደነዘ። ደግመን ስለነው ደነዘ። እንግዳ አስቀምጠን ድንጋይ ስንፈትግ ዋልን! ፌሮ ቀጥቅጠው ነው የሸጡልኝ?»

ፌሮ ለቤት መሠረት ሲሚንቶ ውስጥ የሚቀበረው ብረት ነው። ለቢላ ሠሪ «ፌሮ ሸጥህ» ማለት ጠጅ ለምትጥል ሴት «ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጣሽን» እንደ ማለት ነው፤ ከዚያም ይብሳል። የሻው ደሙ ፈላ።

መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ እጁ ግን ቀደመው። ከመሳቢያው ሞረድ አወጣና ከስምንቱ አንዱን አንሥቶ ስለቱ ላይ አስኬደው። በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ይሄ ግን ነከሰ። ብረቱ እየተላጠ ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ሁለተኛውን ሞከረ፣ ሦስተኛውንም ሞከረ። ስምንቱም ያው ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ እሱ ራሱ በገዛ መዶሻው የመታት «የ» የምትል ፊደል ተቀምጣ ትታየዋለች። ቢላዎቹ የእሱ ሥራ ናቸው፤ ማምለጫ የለውም።

«ይኸው! በዓይንዎ አዩት!» አለች ይመኙሽ፣ ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አዙራ። «እኔ ለሥጋ ቤቶች ማኅበር ተናግሬአለሁ። ሰው ይወቅልኝ!»

ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ገንዘቤን ይመልሱልኝ አላለችም። የሻውን ከሁሉ በላይ ያሳረረው ይኸው ነበር። ገንዘቧን ብትፈልግ ኖሮ ነገሩ በሁለቱ መካከል ያልቅ ነበር፤ እሷ የመጣችው ስሙን ልታጠፋ ነው።

ስም ደግሞ ለየሻው እንዲሁ የተገኘ ነገር አይደለም። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የተወለደው ድብ ባሕር ከምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ሲሆን አባቱ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ነው ያሳደጉት። በዚያ አገር ያለ ማረሻ የሚኖር ገበሬ የለም፤ ማረሻውን ለሚሠራለት ሰው ልጁን የሚድር ገበሬም የለም። ፊት ለፊት ሲሆን «ባለ እጅ» ይሏቸዋል። ዞር ሲሉ የሚባለው ሌላ ነው፤ ዓይናቸው ይበላል፣ ያዩት አይበረክትም። አገሩ ሁሉ በእኚህ ሰው ማረሻ አርሶ፣ በእኚህ ሰው ማጭድ አጭዶ፣ ጎተራውን ሞልቶ ካበቃ በኋላ፣ ሕፃን ባተኮሰው ቁጥር ወደ እሳቸው በር ይገላመጣል። እንዲህ ያለ ውለታ ቢስነት የት አገር ይገኛል? አባቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡም። ወናፋቸውን እየነፉ አንገታቸውን ደፍተው ኖረው፣ አንገታቸውን እንደ ደፉ ሞቱ። የሻው ይህን ሲያስብ ዛሬም ጥርሱን ይነክሳል።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ጎንደር ሸሸ። አዎ፣ መሸሽ ነው። አንድ ጋራዥ ገብቶ ማኪና ሲያጥብ፣ ጎማ ሲፈታ፣ ከጥራጊው ክምር ውስጥ ብረትን በጠባዩ መለየት ተማረ። ፌሮ ቢያግሉት፣ ዘይት ውስጥ ቢነክሩት፣ ቢለማመጡት አይጠነክርም፤ ውስጡ የሚጠነክርበት ነገር የለውም። ባሌስትራ፣ ያ የማኪና ሸክም የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ቻይ ነው፤ አጥንት ቢመቱበት አይሰበርም፣ ስለቱ ግን ቶሎ ቶሎ ድንጋይ ይፈልጋል። የኩሽኔታ ቀለበት፣ ያ ጎማ የሚሽከረከርበት ክብ ብረት፣ ደግሞ ኩሩ ነው። ሲቀጠቀጥ ክንድ ይጨርሳል፣ እሳቱ ትንሽ ከበዛበት አኩርፎ ይሰነጠቃል፤ በወጉ ለያዘው ሰው ግን ስለቱን ሳይለቅ አንድ ሙሉ በሬ ያስበልታል። ታጥቦ ካልደረቀ በማግስቱ ዝገት ይለብሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ከሱቅ የሚመጣው የሚያብረቀርቀው ቢላ አይዝግም፤ መቁረጡን ግን እንጃ።

ጥሩ ብረት ማግኘት ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆንም። የተቀጠቀጠው ቢላ ማግኔት የማይስበው እስኪሆን ድረስ ይግልና የሞቀ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያኔ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፣ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱ ታሽቶ እስኪጸዳ ድረስ ይጠበቅና እንደገና ቀስ ብሎ ይሞቃል። የባለሙያ ዓይን የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ መጀመሪያ የጤፍ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የሻው ገለባው ላይ ያቆመዋል። ሰማያዊ ከደረሰ ስለቱ ሄዷል። እሳቱ ከዚያም ካለፈ የሚቀረው የቢላ ቅርጽ ብቻ ነው።

ይህን ዕውቀት ይዞ ከጋራዡ ወጥቶ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በጎንደር ሥጋ ቤቶች ውስጥ «የ» ያለባት ቢላ ዋጋዋ ሌላ ነው። ድብ ባሕር ላይ «የባለ እጁ ልጅ» የነበረው ሰው እዚህ «አያ የሻው» ተባለ። ሥጋ ሻጩ ጌቾ ደግሞ የልጁን የባምላክን ክርስትና አነሣለት፤ አበልጅ ሆኑ። ጌቾ ከእሱ ማዕድ ይበላል፣ ከእሱ ብርጭቆ ይጠጣል። የሻው ያንን የአባቱን አገር ኋላው ትቶት የመጣ ነበር የመሰለው።

ያን ቀን ከሰዓት ጌቾ ደወለ።

«አበልጄ፣ ነገሩ ከብዷል» አለው። «ማኅበሩ ለጥምቀት አርባ ቢላ ካንተ ሊወስድ ነበር፤ ታውቃለህ። አሁን አያ ፋንታሁን ነገ ጠዋት ራሳቸው እመጣለሁ ብለዋል። የሴትዮዋ አቤቱታ እውነት ሆኖ ከተገኘ ‹የ› ያለበትን ቢላ ማንም አባል እንዳይገዛ ሊወስኑ ነው። እኔ ያቅሜን ተከራክሬአለሁ።»

አያ ፋንታሁን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሥጋ ሻጭ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ። የሻው ስልኩን ዘጋ። መጀመሪያ የተናደደው በይመኙሽ ነበር። ቆይቶ ግን ንዴቱ ወደ ራሱ ዞረ። ዓይኑ ደክሟል። አምና ሐኪም መነጽር አዞለት ነበር፤ ሲቀጠቅጥ ያልበኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ነው የወረወረው። ገለባው መስሎት ሰማያዊውን እያሳለፈ ቢሆንስ? እነዚህ ስምንቱ ብቻ ባይሆኑስ? «ደንቆሮ!» አለ ራሱን። «ትዕቢተኛ ደንቆሮ!» ከዚያም አንዱን ቢላ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ታየች የምትባለው ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። የእጀታዎቹን ቀንድ የምትሞርድና የምትወለውል እሷ ናት። የወደቀውን ቢላ አነሣች፣ አገላበጠችው፣ አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው።

«ይሄ ቀንድ እሳት አይቷል» አለች።

የሻው ቀና አለ። እጀታውን የያዙትን ችንካሮች በመዶሻና በመብሻ መታ መታ አድርጎ አወጣቸው። ቀንዱ ከውስጥ በኩል፣ ወደ ስለቱ ባለው ጫፍ ከስሏል። ብረቱ ላይ ደግሞ፣ እጀታው ሸፍኖት በነበረው ቦታ፣ ጣት የምታህል ሰማያዊ መስመር ነበረች፤ ከእሷ አጠገብ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ገለባ። ሌላው የቢላው ገላ በሽቦ ተፈትጎ ነጥቷል። እጀታው ሥር ያለችውን ግን ማንም ሊፈትጋት አልቻለም። ቢላው ከእጁ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ስለቱን እሳት ላይ ዘርግቶታል፤ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ዘርግቶታል። የአንዱ ብቻ እንዳይሆን ሌሎቹንም ፈታታቸው። ስምንቱም ያው ናቸው።

«ለምን?» አለ የሻው። «አዲስ ቢላ ገዝቶ እሳት ላይ የሚጥድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ታየች የገበሬ ልጅ ናት፤ አገሯ ከኮሶዬ አይርቅም። የሻውን ስታገባ አባቷ ሰርጓ ላይ አልተገኙም።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን አትጩህ» አለችው።

«አልጮህም!» አለ እየጮኸ።

«እኛ አገር ከባለ እጅ የተገዛ ቢላ ሥጋ ከመንካቱ በፊት እሳት ያሳዩታል። ጭድ ያነድዱና ነበልባሉ ላይ አንድ ጊዜ እልፍ ያደርጉታል። የሠራው ሰው ዓይን ይቃጠል ብለው።»

«የማን ዓይን?»

ታየች እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ጭድ ፈጥኖ ነው የሚጠፋ፤ ቢላውን አይጎዳውም፣ አንተን ከማስቀየም ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ግን ይመኙሽ የጋዝ ምድጃ አስገብታለች። እሱ ላይ አድርጋው ነው የሚሆን። እንዲያው ይጥራ ብላ ሳትደጋግመውም አልቀረች።»

የሻው ያን ጊዜ ብዙ ነገር ታወሰው። ደንበኞቹ ቢላ ሲገዙ ከእጁ አይቀበሉም፤ «እዚያ አስቀምጥልኝ» ይላሉ። ስለታም ነገር ስለሆነ ተጠንቅቀው ነው ይል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ጥንቁቅ ነው እያለ ሲያመሰግን ኖሯል! ዓይኑ ደክሞ ቢሆን ይሻለው ነበር። ለደከመ ዓይን መነጽር አለው፤ ለዚህ ምን አለው?

በማግስቱ ጠዋት አያ ፋንታሁን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጌቾ ከጎናቸው ነበር፤ ይመኙሽም ተጠርታ መጥታለች። ጌቾ ገና ከመግባቱ የራሱን ቢላ ከቦርሳው አውጥቶ ለሽማግሌው አሳየ። ከመሳል ብዛት ወገቧ የቀጠነ፣ የኩሽኔታ ቀለበት የነበረች፣ እጀታዋ ጥቁር ቀንድ የሆነ ቢላ ናት።

«አያ ፋንታሁን፣ ይችን ይዩልኝ» አለ። «አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስንት በሬ እንደበለትሁባት እግዜር ይቁጠረው። ይሄን የሠራ ሰው ፌሮ አይሸጥም!»

የሻው አመሰገነው። ከልቡ ነው ያመሰገነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋዩን አስነሣና መጀመሪያ ቁራጭ ፌሮ አስነካው። ረጃጅም ቢጫ ብልጭታ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ምንም የለውም። ቀጥሎ ከስምንቱ ቢላዎች አንዱን ጀርባውን አስነካ። ብልጭታው አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ተበተነ።

«ልዩነቱን አዩት?» አለ። «ይሄ ፌሮ ነው። ይሄ ደግሞ እኔ የሸጥሁት ነው። ብረቱ ጠንካራ ብረት ነው።»

«ታዲያ ምነው ለሰለሰ?» አሉ አያ ፋንታሁን።

«ይጠብቁኝ።»

ያንኑ ቢላ እሳት ውስጥ ከተተው። ማግኔቱን አስጠግቶ አየ፣ አልሳበም፤ ዘይት ውስጥ ነከረው። ጭሱ ሲለቅ አወጣው፣ ጠረገውና ሞረዱን ለሽማግሌው ሰጣቸው። አያ ፋንታሁን ሞረዱን በሙሉ ክንዳቸው ገፉት። ተንሸራተተ። ደግመው ገፉት፣ አሁንም ተንሸራተተ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሸጋ ብረት ነው» አሉ። «እና ምን አገኘው?»

«እሳት» አለ የሻው። የከሰሉትን ቀንዶች ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ፊታቸው ደረደራቸው፤ በቀሪዎቹ ሰባት ቢላዎች ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስመር በጣቱ አሳያቸው። «አንቺ ይመኙሽ! እነዚህን ቢላዎች ምን አድርገሻቸው ነበር? በእነዚህ ሰዎች ፊት ተናገሪ!»

«ምንም አላደረግኋቸው» አለች።

«ሥላሴን ጥሪና ተናገሪ!»

ይመኙሽ ሥላሴን አልጠራችም። ቀንዶቹን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ከዚያ እሷም ቱግ አለች።

«ምድጃው ላይ አሞቅኋቸው! ምን ታዲያ? በቀን ስንት መንገደኛ ነው ከእኔ ቤት የሚበላ! አንድ ሰው ሆዱን ቢያመው ማን ሊጠየቅልኝ ነው? እናቴም ታደርገው ነበር፤ አያቴም ታደርገው ነበር!»

«በሠራሁት ቢላ ሰው ይታመማል ነው የምትይኝ?» አላት የሻው። «ሥራዬን በገዛ እጅሽ ገድለሽ፣ ሞተ ብለሽ በተማሪ ፊት አዋረድሽኝ?»

በዚህ ጊዜ ጌቾ ጣልቃ ገባ። ስለ አበልጁ ተቆርቁሮ፣ ፊቱ በቁጣ ቀልቶ፣ ጣቱን ወደ ይመኙሽ ቀስሮ ነው የገባው።

«አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሴት ነሽ?» አላት። «ቢላ በጋዝ ይለበለባል እንዴ? ለወጉ ያህል በጭድ እልፍ ማድረግ አይበቃሽም ነበር? እኛ ሁላችን የምናደርገው እንደዚያ አይደል!»

ጌቾ ምን እንደተናገረ የገባው ቆይቶ ነው፤ ጣቱን እንደ ቀሰረ ቀረ። አያ ፋንታሁን መሬት መሬቱን አዩ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ነገሩ ተጣርቷል። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። አርባውን ቢላ ለጥምቀት አድርስልን። ይመኙሽም ይቅርታ ትጠይቃለች፣ የተበላሹትንም ቢላዎች በራሷ ገንዘብ ታስጠግናለች። ስምህ ንጹሕ ነው፤ እኔ ለአባላቱ እናገራለሁ።»

የሻው የሚፈልገው ይህ ነበር። ትናንት ይህን ቃል ለመስማት ምንም ነገር ይሰጥ ነበር። አሁን ጆሮው ሰማው እንጂ ልቡ አልሰማውም። ዓይኑን ከጌቾ ላይ አላነሣም።

«ይችንም?» አለው፣ ጌቾ በእጁ ወደ ያዛት ቢላ እያመለከተ።

«አበልጄ፣ ለወጉ ያህል እኮ ነው...»

«ይችንም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ገና እንደገዛኋት። ያኔ ገና አልተዋወቅንም ነበር።»

«ካነሣህልኝ በኋላ ስድስት ወስደሃል። ልጄን ታቦት ፊት አቅፈህ ካነሣህልኝ በኋላ። እነዚያንስ?»

ጌቾ አንገቱን ደፋ። የሻው ያንን አንገት አየ። የእሱ አባት እንዲህ አንገታቸውን ሲደፉ አይቷል፤ አባቱ ግን ምንም አላጠፉም ነበር። ይሄኛው የሚያጠፋውን አጥፍቶ፣ ማዕዱን በልቶ፣ ልጁን ስሞ ነው። በሃምሳ አራት ዓመቱ እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም። ለራሱም ለአባቱም ነበር የሚቆጣው።

«አምጣት» አለ።

ጌቾ ቢላዋን ሰጠው። የሻው የእሳቱን ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ከፈተና ቢላዋን ፍም ውስጥ ሰካት። ታየች «ተው!» አለች፤ አልሰማትም። ጌቾ እጁን ሰነዘረ፣ ሽማግሌው በከዘራቸው ከለከሉት። ስለቷ ገለባ መሰለች። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ። ሰማያዊው መጥቶ አለፈ። ግራጫ ሆነች፣ ቀጥላ ደብዛዛ ቀይ ሆነች፤ ቀንዱ ተንጨረጨረና ሽታው ሱቁን ሞላው። እሱ ራሱ ከሠራቸው ሁሉ አስበልጦ የሚወዳት ቢላ ነበረች፤ ያቺን የመሰለች ኩሽኔታ ዳግም አላገኘም። ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አያት።

በጉጠት አወጣትና ጌቾ ፊት መቀጥቀጫው ላይ አጋደማት።

«ስትቀዘቅዝ ውሰዳት» አለው። «አሁን የእጄም ሆነ የዓይኔ ነገር አልቀረባትም።»